የሚያውቅን ሰው ማስተማር

ከቀኑ 11፡30 ላይ በሚጀምር የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ክፍል የሚቀመጡትን ሰዎች እስቲ እንመልከት። አንዱ ለዓመታት በግንባታ ሳይት ረዳት ሆኖ ሽቦ ሲጎትት የኖረ ነው። አጠገቡ ያለችው 12ኛ ክፍልን ከጨረሰች ቆይታለች፤ ልጇን ለጎረቤት ትታ ነው የመጣችው። ከኋላ የተቀመጡት ጎልማሳ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አላቸው፤ የገመዱን ውፍረትና ዋጋ ጠንቅቀው ያውቃሉ፣ አንድም ቀን ግን በእጃቸው ገጥመው አያውቁም። ሦስቱም ሥራ ውለው፣ የታክሲ ሰልፍ ጠብቀው ነው የደረሱት።

አዲስ አሰልጣኝ እዚህ ክፍል ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ ሃንድአውቱን ገልጦ ኖት ማስጻፍ ይጀምራል። ረዳቱ ይሰለቻል። ሴትዮዋ ትገለብጣለች እንጂ አትከታተልም። ባለሱቁ ስልካቸውን ያያሉ። የተጻፈው ነገር ስህተት ላይኖረው ይችላል፤ አሰልጣኙ ግን ከፊቱ ያሉት ሰዎች ምን ይዘው እንደመጡ ሳይጠይቅ ነው የጀመረው።

በአዋቂዎች ትምህርት ላይ ስሙ የሚነሳው አሜሪካዊው ማልኮም ኖውልስ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ የልጅንና የአዋቂን ትምህርት ተቃራኒ አድርጎ አቅርቦ ነበር። አዋቂ ልምድ አለው፣ የሚማረውም ለተጨባጭ ጉዳይ ነው ይላል። በ1980ው እትም ግን ንዑስ ርዕሱን ሳይቀር ቀይሮ ልዩነቱን አለዘበው። ደግ አደረገ እላለሁ። ጨርሶ ለማናውቀው ነገር ሁላችንም እጃችን ተይዞ መመራት እንፈልጋለን፤ ሽቦ ነክታ የማታውቅን ሴት «ራስሽ ድረሺበት» ብሎ መተው አክብሮት አይሆንም። ልምድን በተመለከተ ያለው ነገር ግን ዛሬም ይሠራል።

ስለዚህ ከማብራራት በፊት ሥራ ይሰጥ። ከታችም ከላይም የሚበራና የሚጠፋ የደረጃ መብራት ጥሩ መነሻ ነው። ሁለት ማብሪያ ማጥፊያ፣ አንድ አምፖል፣ ካቻቢቴና ፒንሳ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥና መስመሩ ኃይል ሳይኖረው ይሞክሩት። ረዳቱ ቶሎ ይገጥመዋል፤ ፌዙ ለምን በዚያኛው ተርሚናል እንደገባ ሲጠየቅ ግን «እንዲህ ነው የሚሠራው» ከማለት አያልፍም። ባለሱቁ የዕቃውን ስም ሁሉ ይጠራሉ፣ እጃቸው ግን ይንቀጠቀጣል። አሰልጣኙ አሁን የት እንደሚጀምር ያውቃል፤ ማንን ከማን ጋር አጣምሮ እንደሚያስቀምጥም እንዲሁ።

ልምድ ግን ክፉ ልማድም ይዞ ይመጣል። ብሬከር ሳያጠፋ መሥራት የለመደ ሰው «እስካሁን ምን ሆንኩ?» ይላል፤ ይህን ክርክር በምክር ማሸነፍ ይከብዳል። ማሳየት ይሻላል። አሰልጣኙ ማብሪያ ማጥፊያውን ሆን ብሎ ኒውትራል ላይ ይግጠመውና መብራቱን ያጥፋ፤ ከዚያ አምፖሉን ፈትቶ ሆልደሩን በቴስተር ይንካ። መብራቱ ጠፍቷል፣ ቴስተሩ ግን ይበራል። ረዳቱ በዚያች ሰዓት ስንት ጊዜ «ጠፍቷል» ብሎ በባዶ እጁ እንደነካ ማስላት ይጀምራል።

እጅን ለማስተማር ከማውቃቸው መንገዶች ሁሉ የምመርጠው ከሐኪሞች የመጣውን ነው። ቀዶ ሐኪሙ ሮድኒ ፔይተን በ1990ዎቹ መጨረሻ ያስተዋወቀው ይህ መንገድ አራት ደረጃ አለው። አሰልጣኙ መጀመሪያ ዝም ብሎ በእውነተኛው ፍጥነት ይሠራል፤ ቀጥሎ እያብራራ በዝግታ ይደግመዋል፤ በሦስተኛው ተማሪው በቃሉ ያዛል፣ አሰልጣኙም የታዘዘውን ብቻ ይሠራል፤ በመጨረሻ ተማሪው እየተናገረ ራሱ ይሠራል። ጊዜ ሲያጥር የሚዘለለው ሦስተኛው ነው፤ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። ተማሪው «ፌዙን እዚህ አስገባው» ብሎ ሲያዝ ያልገባው ነገር እዚያው ይታወቃል፤ ሽቦም አይቃጠልም፣ ጣትም አይጎዳም።

«ገባችሁ?» የሚለው ጥያቄ ግን ምንም አይነግረንም። መልሱ በአንድ ድምፅ «አዎ» ነው። አርባ ዓመት የሞላው ሰው ከልጁ እኩያ ፊት «አልገባኝም» ማለት ይከብደዋል፤ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ አለቃ ከሆነ ደግሞ ይብስበታል። «እስቲ ይህን ገመድ ብፈታው ምን ይሆናል?» የሚል ጥያቄ ይሻላል፤ ከዚያ መልሱን አለመንጠቅ። ተመራማሪዋ ሜሪ ባድ ሮው በአሜሪካ የአንደኛ ደረጃ ክፍሎች ውስጥ ባደረገችው ጥናት መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር፤ ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያረዝሙት የተማሪዎቹም መልስ ረዘመ። አክብሮቱም አይረሳ፤ ወጣት አሰልጣኝ ባለሱቁን «እርስዎ» ቢል ምንም አይጎድልበትም፣ «አንተ» ቢላቸው ግን ከዚያ በኋላ ጥያቄ አይጠይቁትም።

በነገራችን ላይ፣ በአሰልጣኞች ሥልጠና ላይ የሚታየውን «ካነበብነው 10 በመቶ፣ ከሠራነው 90 በመቶ እናስታውሳለን» የሚል ፒራሚድ አትመኑት። ምንጩ ነው የሚባለው ኤድጋር ዴል እ.ኤ.አ. በ1946 ያወጣው ሥዕል አንድም መቶኛ አልነበረበትም።

በቅጡ የተለካ ቁጥር ለሚፈልግ ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት አለ። ተማሪዎች ሁለት አጭር ጽሑፍ አነበቡ፤ አንዱን ደግመው አነበቡት፣ ከሌላው ደግሞ ጽሑፉን ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደግመው ካነበቡት 81 በመቶ፣ አስታውሰው ከጻፉት 75 በመቶ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፦ ደግመው ካነበቡት 42 በመቶ፣ አስታውሰው ከጻፉት 56 በመቶ። ደግሞ ማንበብ ያወቅን ያስመስለናል። ኖት አስጽፎ ማስደገም ለምን ለሲኦሲ የሙያ ብቃት ምዘና እንደማይበጅ ከዚህ ይገባናል፤ መዛኙ ፊት ደብተር አይገለጥም።

የማታ ክፍል ደክሞ የመጣ ሰው ክፍል ስለሆነ ሳያዩ የማስታወሱን ሥራ መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ አልመክርም፤ ሁሉም ታክሲ ያሳስበዋል። የሚቀጥለው ክፍል መግቢያ ላይ፣ ገና ማንም ሃንድአውት ሳይገልጥ፣ ባዶ ወረቀት ይታደል። ያለፈውን የደረጃ መብራት መስመር ከአእምሯቸው ይሳሉት። መጻፍ የሚከብደው ይሳል፣ መሳል የሚከብደው ለጎረቤቱ ያስረዳ። ነጥብ አይሰጠው፤ ነጥብ ካለ መኮረጅ ይመጣል። ወረቀቶቹን እየዞሩ ማየት ብቻ በቂ ነው፤ የአብዛኛው ሰው መስመር አንድ ቦታ ላይ ከተሳሳተ የዕለቱ ትምህርት ከዚያ ይጀምራል፣ የታቀደው ገጽ ለነገ ይተላለፋል።