ያውቁ ኖሯል? ነቀዝ ሁሉ አንድ ዘር አይደለም

በጋይንት፣ በስማዳም ሆነ በእስቴ ጎታ ውስጥ የሚገኘው ተባይ ሁሉ ነቀዝ ይባላል። ሰፌድ ላይ አራግፈው በማጉያ መነጽር ሲያዩት ግን የተለያየ ቤተሰብ ነው።

ያውቁ ኖሯል? የበቆሎና የማሽላ ነቀዝ አንቴናው እንደ ክርን የታጠፈ፣ አፉም ቀጭንና ረዥም ኩምቢ ነው። ጀርባው ላይ አራት ቀላ ያሉ ነጠብጣቦች አሉት። እንስቷ ፍሬውን በኩምቢዋ ትበሳና አንድ እንቁላል ጥላ ቀዳዳውን ትደፍነዋለች። ደህና የሚመስለው ማሽላ ውስጡ ትል የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ያውቁ ኖሯል? የዚህ ዘመድ የሆነው የስንዴ ነቀዝ ፈጽሞ አይበርም። ከጎተራ ጎተራ የሚያዛውረው ሰው ራሱ ነው!

ያውቁ ኖሯል? አንትሪቢዴ የሚባሉት የፈንገስ ነቀዞች ወደ 4,000 የሚጠጉ ዝርያዎች አሏቸው። አንቴናቸው ቀጥ ያለ፣ አፋቸው አጭርና ሰፊ ነው። አብዛኞቹ በደረቀ እንጨት ላይ በበቀለ ፈንገስ ይኖራሉ። ብዙዎቹን ለይቶ ስም ያወጣላቸው በእንግሊዝ አገር በትሪንግ ሙዚየም የሠራው ካርል ጆርዳን (1861–1959 እ.ኤ.አ.) ነው። ከመካከላቸው አንዱ፣ አሬሴረስ ፋሲኩላተስ፣ የተከማቸ ቡና ይበላል፤ ሲነኩት ደግሞ ይዘላል።

ያውቁ ኖሯል? ደገኛውን የሚያስለቅሰው የአተር ነቀዝ እውነተኛ ነቀዝ አይደለም። ሊኒየስ በ1758 እ.ኤ.አ. ስም ያወጣለት ይህ ጥንዚዛ ኩምቢ የለውም፤ ወገኑ ከቅጠል በል ጥንዚዛዎች ነው። ጥፋቱም ከጎታ አይጀምርም። አተሩ ሲያብብ ወደ ማሳ ይመጣል፤ የአበባውን ዱቄት ሳትበላ እንስቷ እንቁላል አትጥልም። ከዚያ በእሸቱ ቅርፊት ላይ ትጥላለች፤ ትሉም ቅርፊቱን በስቶ ፍሬው ውስጥ ይገባል። በአንድ ፍሬ ውስጥ የሚያድገው አንድ ብቻ ነው፤ ሲወጣ ክብ መስኮት ጥሎ ይሄዳል። ደረቅ አተር ላይ ተመልሶ አይራባም። ስለዚህ ቀዳዳ ካዩ በኋላ መድኃኒት መርጨት ለዚያ ፍሬ ከረፈደ ነው። የሚበጀው ተወቅቶ እንዳበቃ በደንብ አድርቆ፣ አየር በማያስገባ ከረጢት አጥብቆ ማሰር ነው፤ ውስጥ ያለው ሳይወጣ ታፍኖ ይሞታል፣ የከርሞው ማሳም ይተርፋል።

ያውቁ ኖሯል? ጤፍ ነቀዝ አይነካውም፤ ፍሬው ትል ለማሳደግ በጣም ትንሽ ነው።