የሠላሳ ቀን ጥረት ሒሳቡ ሲመረመር

ነጋዴ የሆነ ሰው ሁሉ ዕቃውን በየጊዜው እንደሚቆጥር የታወቀ ነው። በመጋዘኑ የቀረው ስኳር ስንት ኩንታል እንደሆነ፣ ከገበሬ የተገዛው ቡና ስንት ፈረሱላ እንደገባ፣ ከካዝና የወጣው ብር ለምን እንደዋለ ጠይቆ መልስ ሳያገኝ ዕንቅልፍ አይወስደውም። ነገር ግን ይኸው ትጉህ ነጋዴ በመስከረም ወር «ዘንድሮስ እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ ለራሱ የገባውን ቃል ከምን እንዳደረሰው ቢጠየቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «እንጃ» የሚል ነው። የዕቃው ቆጠራ መዝገብ አለው፤ የራሱ ቆጠራ መዝገብ ግን የለውም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ሰው ለአንድ ወር ያህል ሳያቋርጥ ከጣረ በኋላ ጥረቱን በምን ሚዛን ሊመዝነው እንደሚገባ ለማስረዳት ነው። ነገሩ ቀላል ሊመስል ይችላል። ሆኖም አያሌ መልካም ውጥኖች የሚሞቱት በተጀመሩበት ቀን ሳይሆን በመጀመሪያው ወር መጨረሻ ላይ ነው። ሰው በዚያን ጊዜ ወደ ኋላ ተመልክቶ ያሰበውን ያህል ውጤት ሲያጣ፣ የሠራውንም ጭምር ከንቱ አድርጎ ይቆጥረውና ሁሉንም ይተወዋል። ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ስለሆነ ማስረጃ ሊቀርብበት ይገባል።

ስለ ምን አንድ ወር?

ሳምንት ለዚህ ምርመራ አጭር ነው። የአንድ በዓል ዋዜማ ገበያ ወይም የአንድ ሠራተኛ መታመም የሳምንቱን መልክ ሁሉ ሊለውጠው ይችላል። ዓመት ደግሞ እጅግ ይረዝማል፤ በጥቅምት የተሠራው ሥራ በነሐሴ ሲመረመር ምክንያቱ ተረስቶ ውጤቱ ብቻ ይቀራል። ወር ግን ከሁለቱ መካከል ይገኛል። በተለይም በእኛ አቆጣጠር አሥራ ሁለቱም ወራት እያንዳንዳቸው 30 ቀን ስለሆኑ፣ የኅዳር ሥራ ከታኅሣሥ ሥራ ጋር ሳይጎድልና ሳይተርፍ ሊነጻጸር ይችላል። የአውሮፓውያን ወር ከ28 እስከ 31 ቀን ከፍ ዝቅ ስለሚል ይህን የመሰለ እኩል ሚዛን አይሰጥም። ደግሞም የቤት ኪራይ፣ የሠራተኛ ደመወዝና የዕድር መዋጮ በየወሩ የሚከፈሉ በመሆናቸው፣ ወር ሲያልቅ ሒሳብ መዝጋት ለነጋዴ እንግዳ ነገር አይደለም።

የፊላደልፊያው አታሚ

ራስን በመዝገብ የመቆጣጠር ልማድ ከነጋዴ ቤት የራቀ አለመሆኑን ለማሳየት አንድ ታሪክ ማንሣት ይበቃል። ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1706 በቦስተን ከተማ ተወልዶ፣ በፊላደልፊያ ማተሚያ ቤትና ሱቅ ከፍቶ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ኋላ በሳይንስ ምርምሩና በአገር መሪነቱ ስሙ የገነነ ቢሆንም፣ ኑሮውን ያቆመው በንግድ ነበር። ራሱ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ እንዳስረዳው፣ ዝምታን፣ ሥርዓትን፣ ቁጠባን፣ ትጋትንና ትሕትናን የመሳሰሉ 13 ምግባራትን መርጦ አንዲት ትንሽ ደብተር አዘጋጀ። የደብተሩን ገጽ በቀይ ቀለም አስምሮ ለሰባቱ ዕለታት ከፈለው፤ በየማታውም ራሱን እየመረመረ ጉድለት ባገኘበት ቀን ላይ ጥቁር ነጥብ ያኖር ነበር። በየሳምንቱ አንዱን ምግባር ለይቶ ስለሚጠብቅ አንዱ ዙር በ13 ሳምንት ይፈጸማል፤ በዓመትም አራት ዙር ይሆናል ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ ነጋዴን በተለይ የሚመለከቱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ ፍራንክሊን ምልክት ማድረግ በጀመረ ጊዜ ጉድለቱ ከገመተው በላይ በዝቶ ስላገኘው ተደነቀ፤ ነገር ግን ነጥቦቹ እየቀነሱ ሲሄዱ በማየቱ ደስ አለው። ሁለተኛው፣ ከምግባራቱ ሁሉ ያስቸገረው ሥርዓት፣ ማለትም እያንዳንዱን ሥራ በተወሰነለት ሰዓት መሥራት ነበር። ለዚህም የሰጠው ምክንያት ዛሬም ለባለሱቅ የሚሠራ ነው። ጊዜው የራሱ የሆነ ተቀጣሪ አታሚ ይህን ሊፈጽም ይችላል፤ ባለቤቱ ግን ባለጉዳዮችን በእነርሱ ሰዓት ለመቀበል ስለሚገደድ አይሆንለትም። በስተእርጅናው ወደ ኋላ ተመልክቶ ሲጽፍም፣ ወደ ፍጹምነት ባይደርስም ባይሞክር ኖሮ ከሚሆነው ይልቅ የተሻለና ደስተኛ ሰው እንደሆነ መስክሯል።

ከአንድ መሥሪያ ቤት የተገኘ ምሳሌ

እኔ የምግብ ሸቀጥ ከውጭ አስመጥቶ በጅምላ በሚያከፋፍል ነጋዴ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ሳገለግል ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ትምህርቴ ሁለተኛ ደረጃን በመጨረስ የተወሰነ ነው፤ ዕድሜዬም ከአርባ አልፏል። ዛሬ ሒሳብ በኮምፒዩተር የሚያዝ ስለሆነ፣ አዲስ የሚቀጠሩትም ወጣቶች ይህንኑ ተምረው የሚመጡ ስለሆኑ፣ ሙያውን ሳልይዝ ብቀር ወንበሬ ለሌላ እንደሚሰጥ ማንም ሳይነግረኝ ዐውቀዋለሁ። ስለዚህ ባለፈው ወር መባቻ ሦስት ነገር ጽፌ ጀመርሁ። አንደኛ፣ በወረቀትም ሆነ በኢሜይል የመጣ ደብዳቤ ሁሉ በዚያው ቀን መልስ እንዲያገኝ፤ ሁለተኛ፣ በየቀኑ ከዱቤ መዝገብ ሁለት ስም መርጬ ባለዕዳዎቹን በአክብሮት እንዳነጋግር፤ ሦስተኛ፣ በየማታው ግማሽ ሰዓት በኮምፒዩተር የሚያዘውን የሒሳብ አሠራር እንዳጠና።

አንድ ወረቀት በ30 መስመር አስምሬ፣ የተፈጸመውን በምልክት፣ ያልተፈጸመውን ከነምክንያቱ በአጭር ቃል እየጻፍሁ ቆየሁ። ወሩ ሲያልቅ አራቱ እሑዶች ተቀንሰው 26 የሥራ ቀን ተገኘ። ከነዚህም ውስጥ ደብዳቤው በ23ቱ፣ ዱቤው በ17ቱ፣ ጥናቱ በ11ዱ ቀን ተፈጽሟል።

አሥራ አንድ ቀን የሚለውን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው «ዕድሜ ከገፋ ወዲያ ትምህርት አይሆንም» ብሎ ነገሩን ሊዘጋው ይችላል። ከጎኑ የተጻፈው ምክንያት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ጥናት ባልተደረገባቸው ቀናት አብዛኞቹ ላይ የተጻፈው ቃል «መኪና ገብቷል» የሚል ነበር። ከጅቡቲ ወደብ የሚመጡት የጭነት መኪናዎች የሚደርሱት ወደ ማታ ላይ ሲሆን፣ ዕቃው ተራግፎና ተቆጥሮ እስኪያልቅ ሌሊቱ ይጋመሳል። እንግዲህ የጎደለው ፈቃድ ወይም ችሎታ አይደለም። ማታው የመኪናዎቹ ነው፤ ማለዳው ግን የራሴ ነው። በዚህም መሠረት ጥናቱ በያዝነው ወር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ እንዲሆን ተደርጓል።

የዱቤው መስመር ደግሞ ከገንዘቡ በላይ ትምህርት ሰጥቷል። አንዲት በዕድሜ የገፉ የምግብ ቤት ባለቤት ለብዙ ጊዜ ዕቃ ሲወስዱ ቆይተው ድንገት ቀርተው ነበር። ተራቸው ደርሶ ስልክ ደወልሁላቸው።

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሒሳቡን ለማስታወስ ያህል ነው፤ በሚመችዎ ቀን ብቅ ይበሉ» አልኋቸው።

ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ልጄ፣ የቀረሁት እኮ አፍሬ ነው። በእናንተ ደጅ ማለፉንም ትቼው ነበር» አሉኝ።

በሳምንቱ መጥተው ከዕዳው እኩሌታውን ከፈሉ፤ አንድ ጄሪካን ዘይትም በጥሬ ገንዘብ ገዝተው ሄዱ። ከዚህ እንደምንረዳው፣ በዱቤ መዝገብ ላይ የቆየ ስም ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ደንበኛውንም ይዞ ይሄዳል። ይህን ያወቅሁት በ17ቱ ቀን ሥራ ነው። ከ26 ብር የቆየ ዕዳ 17ቱን ያስመለሰ ነጋዴ መዝገቡን ቀዶ አይጥልም፤ የቀረውን 9 ብር ይከታተላል እንጂ። በራስም ላይ ይኸው ፍርድ ሊጸና ይገባል።

በእጅ ያለውና በእጅ የሌለው

ወርሃዊ ምርመራ የሚበላሽበት ዋናው ምክንያት ሰው ጥረቱን ትቶ ውጤቱን ብቻ ሲመዝን ነው። «በዚህ ወር ብዙ እሸጣለሁ» የሚለው ውጥን ምኞት እንጂ ሥራ አይደለም፤ ሽያጩ በመኸሩ፣ በመንገዱ፣ በውጭ ምንዛሪውና በገዢው ኪስ ይወሰናልና። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ፣ የብር ዋጋ በጥቂት ቀናት ውስጥ እጅግ ዝቅ አለ። በዚያ ወር ሥራውን በሸጠው ብር ብዛት ብቻ የመዘነ አስመጪ፣ ወይ ባልሠራው ራሱን አመስግኗል፣ ወይ ባላጠፋው ራሱን ወቅሷል። እንዲሁም በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ የሥጋና የቅቤ ነጋዴ ገበያው ቢቀዘቅዝ ስንፍና ሊባል አይገባም።

ለላኪዎችም ምሳሌው አይጠፋም። ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት አውጥቶት እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በሚሠራበት የሌተር ኦፍ ክሬዲት ደንብ መሠረት፣ በክሬዲቱ ላይ ሌላ ቀን ካልተወሰነ በቀር የጭነት ሰነዶች ዕቃው በተጫነ በ21 ቀን ውስጥ፣ የክሬዲቱም ጊዜ ሳያልፍ ለባንክ መቅረብ አለባቸው። ባንኩም ሰነዶቹን የሚመረምርበት ጊዜ ቢበዛ 5 የባንክ የሥራ ቀን ነው። መርከቡ በቀጠሮው ቀን መነሣቱ በላኪው እጅ አይደለም። የዋጋ ደረሰኙን፣ የዕቃውን አስተሻሸግ ዝርዝርና ከእርሱ የሚጠበቁትን ሌሎች ወረቀቶች ዕቃው በተጫነ በሦስት ቀን ውስጥ አዘጋጅቶ መጨረስ ግን በእጁ ነው። ስለዚህ «በዚህ ወር ክፍያዬ ቶሎ ይምጣ» ከማለት ይልቅ «ወረቀቶቼን በሦስት ቀን እጨርሳለሁ» ብሎ መጻፍ ይሻላል፤ ይኸኛው በወሩ መጨረሻ ሊቆጠር ይችላልና።

በወሩ ማብቂያ የሚጠየቁ አራት ጥያቄዎች

ወረቀቱን ዘርግቶ ለሚቀመጥ ሰው ከዚህ የሚከተሉት ጥያቄዎች ይበቁታል።

አንደኛ፣ ያሰብሁትን የፈጸምሁት ስንት ቀን ነው? መልሱ በቁጥር እንጂ በስሜት አይሁን። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ባልተፈጸመበት ቀን ያገደኝ ምንድን ነው? አንድ ምክንያት ሦስትና አራት ጊዜ ተደጋግሞ ከተገኘ መድኃኒት የሚፈለገው ለእርሱ ነው።

ሦስተኛ፣ ከጥረቱ የተገኘው ጥቅም ምንድን ነው? ይህ የሚጠየቀው ከሁለቱ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም፤ አስቀድሞ ከተጠየቀ የገበያ ዕድል እንደ ትጋት፣ የገበያ መቀዝቀዝም እንደ ስንፍና ይቆጠራል።

አራተኛ፣ በሚመጣው ወር የቱን ላጽና፣ የቱን ላሻሽል፣ የቱንስ ልተው? የተያዙት ነገሮች ሳይጸኑ አዲስ መጨመር የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችውን መሆን ነው።

በምልክቱ ላይ መዋሸት እንደማይገባ መናገር ትርፍ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ያልሠራውን ሠርቻለሁ ብሎ ምልክት የሚያደርግ ሰው ሚዛን ከሚያጎድል ነጋዴ አይለይም፤ ልዩነቱ የሚሰርቀው ከራሱ መሆኑ ብቻ ነው።

ዳኛ ያስፈልጋል

ዕቁብ በአገራችን ነጋዴዎች ዘንድ ጸንቶ የኖረበትን ምክንያት ልብ ማለት ይጠቅማል። የዕቁብተኛው ፈቃድ ከሌላው ሰው ፈቃድ የጠነከረ ሆኖ አይደለም። ቀኑ የታወቀ፣ መጠኑ የተቆረጠ፣ የሚጠብቀውም ዳኛና ጓደኛ ያለው ስለሆነ ነው እንጂ። ብቻውን ቢሆን ኖሮ ያን ገንዘብ በየሳምንቱ ለማስቀመጥ ሲል ሌላ ጉዳይ ያገኝለት ነበር። ስለዚህ የራሱን ጥረት የሚመረምር ሰው ወረቀቱን በወሩ መጨረሻ የሚያሳየው አንድ የታመነ ሰው ቢኖረው መልካም ነው። ለባለሱቁ ባለቤቱ፣ ለአስመጪው የሒሳብ ሠራተኛው፣ ለጸሐፊም የሥራ ባልደረባው ሊሆን ይችላል። ሰውየው እንዲመክር ወይም እንዲፈርድ አይጠበቅም፤ በቀኑ መጥቶ «እስቲ ወረቀቱን» ቢል ይበቃል።

እንዲህ እየተባለ አሥራ ሁለቱ ወራት ቢፈጸሙ፣ አሥራ ሁለት ወረቀት በእጅ ይገኛል። ነጋዴ ሁሉ ለመስከረም በሚዘጋጅባቸው በጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀናት ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ ማየት፣ የትኛው ልማድ እንደጸና፣ የትኛው በምን ወር እንደደከመ ያለ ክርክር ያስረዳል። ለአዲሱ ዓመት የሚገባው ቃልም ያን ጊዜ ከምኞት ሳይሆን ከመዝገብ ይነሣል። ይህን ለማድረግ የሚጠይቀው ወጪ አንድ ወረቀትና በየማታው ሁለት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ፣ ክቡራን አንባቢዎች በሚመጣው ወር መባቻ እንዲሞክሩት በትሕትና እናሳስባለን።