ውሃ የሚቀዳልዎ ማን ነው?

«ይቺው ናት?» አሉ አንዲት እናት፣ የልጃቸውን ስልክ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው። ልጅቷ ጀርባቸውን ፎቶ አንስታ እያሳየቻቸው ነበር። ከወገባቸው ግራና ቀኝ፣ ከአከርካሪው ትንሽ ራቅ ብለው፣ የአውራ ጣት ርዝመት እንኳ የማይሞሉ ቁስሎች በፋሻ ተሸፍነዋል። ሌላ ምንም የለም። «እኔ እኮ ከላይ እስከ ታች የሚሰነጥቁኝ መስሎኝ ሦስት ዓመት ሙሉ ስፈራ ኖርኩ» ብለው አለቀሱ።

የቀዶ ጥገናው ማግስት ነበር። እኔ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ ሥራዬ የሚጀምረው ቀዶ ሐኪሙ ጓንቱን አውልቆ ከወጣ በኋላ ነው። ጉልበታቸውን አጠፉ። ትከሻና ዳሌያቸውን አንድ ላይ አድርገው፣ ወገባቸውን ሳይጠመዝዙ በጎን ዞሩ። እግራቸውን ከአልጋው አውርደው በክንዳቸው እየገፉ ተቀመጡ፤ ትንፋሻቸውን ሰብሰብ አድርገው ቆሙ። እስከ በሩ ሄደው ሲመለሱ «እግሬ ላይ የነበረው እሳት ጠፋ» አሉኝ።

ደስ አለኝ። ግን ያቺ ትንሽ ቁስል የምታመጣው ደስታ ሁልጊዜ ያሰጋኛል።

እኚህን እናት ያሠቃያቸው አራተኛው የወገብ አጥንታቸው በአምስተኛው ላይ ወደ ፊት መንሸራተቱ ነው። ወደ እግር የሚወርደው ነርቭ ተጨምቆ ጥቂት ሲራመዱ ያቃጥላቸው፣ ሲቀመጡ ይተዋቸው ነበር። ቆመው ማስቀደስ ካቃታቸው ቆይቶ ነበር፤ መቋሚያ ላይ ጎንበስ ብለው ሲደገፉ ብቻ ይቀልላቸው ነበር። ጎንበስ ሲባል የነርቩ መተላለፊያ ሰፋ ስለሚል ነው። ለወራት መድኃኒትም እንቅስቃሴም ሞክረው አልሆነም። ይህን የምለው፣ ወገቡን ያመመው ሁሉ አጥንቱን የሚያስር ብሎን ያስፈልገዋል ብሎ የሚያስብ ሰው ስላለ ነው። አብዛኛው የወገብ ሕመም ያለ ቀዶ ጥገና ይሻላል።

በቀድሞው የቀዶ ጥገና አሠራር ጀርባው መሐል ለመሐል ይከፈታል፣ ጡንቻው ከአጥንቱ ተላቆ ወደ ጎን ተስቦ ይያዛል። በአዲሱ ግን ቀጭን ዘንግ በጡንቻው ክሮች መካከል ይገባና በላዩ ላይ ወፈር ወፈር ያሉ ቱቦዎች ተራ በተራ ይሰካሉ፤ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው መተላለፊያ ነው። ሐኪሙ በእርሱ ውስጥ በማይክሮስኮፕ እያየ ነርቩን ከተጨመቀበት ያላቅቃል፣ የተበላሸውን ዲስክ ጠርጎ ያወጣል፣ በቦታው የአጥንት ፍርፋሪ የታጨቀበት መደላድል ያስገባል። ከዚያ በራጅ እየተመለከተ አራት ብሎኖችን አጥንቶቹ ውስጥ አስገብቶ በሁለት ዘንጎች ያስራል። ጡንቻው የሚከፈል እንጂ የሚላቀቅ ስላልሆነ የሚፈሰው ደም ያንሳል፣ ሕመምተኛው ቶሎ ይነሳል፣ ብዙውን ጊዜም በጥቂት ቀናት ውስጥ ቤቱ ይገባል። ሁለቱን አሠራሮች ያነጻጸሩ ጥናቶች ግን ዓመትና ሁለት ዓመት ሲሞላ የሕመምተኞቹ ሁኔታ ብዙም እንደማይለያይ ያሳያሉ። ትርፉ ያለው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው።

ብሎኑ አጥንቱን አያጣብቅም፤ አጥንቱ እስኪገጥም ቦታውን ይይዝለታል እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1911 ኒውዮርክ ውስጥ ራስል ሂብስና ፍሬድ አልቢ በየፊናቸው አንዱን የአከርካሪ አጥንት ከሌላው ማጋጠም ሲጀምሩ ብሎን አልነበረም። ያኔ በዚህ መንገድ ከሚታከሙት ዋነኛው፣ እኛም ዛሬ ድረስ የምናየው የአከርካሪ ቲቢ ነበር፤ ሕመምተኛው አጥንቱ እስኪገጥም ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ ይቆይ ነበር። አሁን ማግስቱን እናስነሳዋለን። አጥንቱ ግን ዛሬም ወራት ይፈልጋል፤ አንዳንዴም እስከ ዓመት ይሄዳል። ቆዳው በሁለት ሳምንት ድኖ እያዩት ይህን ማመን ይከብዳል።

ይህን ያስተማረችኝ አንዲት ሴት ናት። በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበረች፤ ውጭ አገር ይኸው ቀዶ ጥገና ተደርጎላት መጥታ ለክትትል ወደ እኔ ተላከች። በሦስተኛው ሳምንት ሕመም የሚባል አልነበራትም። እኔም እንደ ልማዴ «ከባድ ነገር አያንሱ፣ አይጎንበሱ፣ ወገብዎን አይጠምዝዙ» ብዬ ሸኘኋት። በሰፈሯ ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለቴ፣ ያውም ሌሊት ነው። ሌሊት ተነስታ ሃያ ሊትሩን ጀሪካን ከመሬት አነሳች። ሃያ ኪሎ ማለት ነው። በማግስቱ ወገቧን ይዛ መጣች፤ ቆይቶ ራጁ አንደኛው ብሎን መላላቱን አሳየ፤ ወደ ቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ዳግመኛ ተመለሰች። «ከባድ ሲሉኝ ጆንያ መስሎኝ ነበር፤ ጀሪካን እኮ የቤት ሥራ ነው» አለችኝ። በእርሷ አልፈረድኩም። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ስለ ወገቧ እንጂ ስለ ቤቷ አልጠየቅኳትም።

ከዚያ ወዲህ ሕመምተኛው ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት ስለ ቤት እጠይቃለሁ። ውሃ የሚቀዳው ማን ነው? እንጀራ የሚጋገረው መሬት ላይ ነው ወይስ በቁም? ሽንት ቤቱ መቀመጫ አለው? ቡና ሲፈላ የሚቀመጡበት በርጩማ ምን ያህል ዝቅ ይላል? ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ደረጃውን ቀስ እያለ መውጣት ይችላል፤ ዘንቢል ይዞ ግን አይወጣም። ስግደት ላይ ብዙዎች ይጨነቃሉ። እስኪድኑ ድረስ ወንበር ላይ ሆነው እንዲጸልዩ ከንስሐ አባታቸው ወይም ከኢማማቸው ጋር እንዲነጋገሩ እነግራቸዋለሁ፤ ተነጋግሮ የተከለከለ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ጾም ላይ ከሆኑ ምስሩና ሽሮው እንዳይጓደል አደራ እላለሁ። ሲጋራን ግን በአደራ አላልፈውም፤ ኒኮቲን አጥንት እንዳይገጥም ሊያደርግ ይችላልና ከቀዶ ጥገናው በፊት መቆም አለበት።

ጠያቂም አለ። እኛ ዘንድ ሕመምተኛ ለጠያቂው ተነስቶ ይቀመጣል፣ አብሮ ቡና ይጠጣል፣ ሰዓታት ያልፋሉ። ለአዲስ ወገብ ግን ከመራመድ ይልቅ መቀመጥ ይከብዳል። ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ተቀምጦ ተነስቶ መንጎራደድ፣ ወይም እንግዳን ተኝቶ መቀበል ነውር አይደለም።

የእግሩ ሕመም ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይለቃል፤ የተቆረጠበት ቦታ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት በደንብ ያማል። መደንዘዙ ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ እንደ ኤሌክትሪክ ነዘር የሚያደርግ ስሜት ለሳምንታት ሲመጣ ሲሄድ ያስደነግጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ነርቩ እያገገመ ነው። ሽንት እንቢ ካለ፣ ብልትና መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ እግር አዲስ ድካም ካመጣ፣ ባት ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ቁስሉ ፈሳሽ ካወጣ ግን በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መሄድ ነው። ወጌሻ ጋ ሄዶ መታሸት በፍጹም።

እኚያን እናት በሦስተኛው ቀን ከሆስፒታል ሲወጡ ጠየቅኳቸው፦ «ውሃ የሚቀዳልዎ ማን ነው?» ዝም ብለው ልጃቸውን አዩ። ልጅቷ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ናት። «እኔው ነኝ» አሉ፣ ያጠፉ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ልጅቷ ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። ትንሽ ሮቶ ገዝተው በብሎኬት ላይ አስቀምጠውታል፤ ቧንቧው ወገብ ላይ ይደርሳል። ሌሊት ውሃ ሲመጣ የጎረቤት ልጅ ጎማውን ይሰካል። እናቷ ጠዋት ጠዋት ቀጥ ብለው ቆመው በጆግ ይቀዳሉ፤ ሞልተው ግን አይደለም፣ ግማሽ ድረስ።