የአየር መለኪያው ከቤት ቤት ይዙር

ፔታህ ቲክቫ ትላልቅ መንገዶች የከበቧት የእስራኤል ከተማ ናት። በምዕራብ የጌሃ መንገድ የምንለው 4 ቁጥር፣ በሰሜን 5 ቁጥር፣ በምሥራቅ 40 ቁጥር ያልፋሉ። በሴጉላና በቂርያት አርዬ ደግሞ የኢንዱስትሪ ሰፈሮች አሉ። እዚህ የሚኖር ወላጅ «ልጄን ሌሊት ሌሊት የሚያስለው ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱን ከየት ያገኛል? እስራኤል እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የሚሠራ የንጹሕ አየር ሕግ አላት። የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴርም በየቦታው የመለኪያ ጣቢያዎች አሉት፤ ውጤታቸውም ለሕዝብ ክፍት ነው። ጣቢያው ግን የሚናገረው ስለቆመበት አካባቢ ነው። የእኔን መኝታ ቤትና የጎረቤቴን ማእድ ቤት አያውቃቸውም።

አንድ ትንሽ የአየር መለኪያ ገዝቼ ለጎረቤቶቼ ማዋስ የጀመርኩት ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ሴንሰር ይለዋል። ሶኬት ላይ ተሰክቶ ከዋይፋይ ጋር ከተገናኘ ቁጥሩ ስልክ ላይ ይታያል። ውስጡ ያለች ማራገቢያ አየር ትስባለች፤ አየሩ በሌዘር ጨረር ፊት ሲያልፍ ብናኙ ብርሃኑን ይበትነዋል፤ ከተበተነው ብርሃን የብናኙ መጠን ይሰላል። የምንፈልገው ፒ ኤም 2.5 የሚባለውን ነው፤ ውፍረቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጥ፣ ከሰው ፀጉር ሃያ ሠላሳ ጊዜ የሚቀጥን ብናኝ። ከማነሱ የተነሣ አፍንጫና ጉሮሮ አያስቀሩትም፤ እስከ ሳንባ ጥግ ይዘልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ የዓመቱ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም፣ የ24 ሰዓቱ ደግሞ ከ15 እንዳያልፍ ይመክራል።

አንድ ቤተሰብ ይህን ዕቃ ዓመቱን ሙሉ አያስፈልገውም። ጥቂት ሳምንታት ከተከታተሉት የቤቱ ጠባይ ይታወቃል፤ መስኮት መቼ እንደሚከፈት፣ መቼ እንደሚዘጋ፣ ከምጣዱና ከመጥበሻው የትኛው እንደሚብስ። ከዚያ በኋላ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ይውላል። አገር ቤት እድር ድንኳኑንና ብረት ድስቱን በጋራ ገዝቶ ተራው ለደረሰው እንደሚያውስ፣ ይህም የጋራ ዕቃ ይሁን ባይ ነኝ። አሜሪካ ውስጥ ሴንሰር በመታወቂያ ካርድ የሚያውሱ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አሉ። በእስራኤልም ሃይፋ ነዋሪውን በመለካቱ ሥራ ለማሳተፍ ቀድማ ሞክራለች፤ ከ2012 እስከ 2016 በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ በተካሄደው ሲቲ ሴንስ በተባለው ፕሮጀክት ውስጥ ከነበሩት ዘጠኝ ከተሞች አንዷ እሷ ነበረች።

ከታች ፎቅ የሚኖሩ እማማ ሲወስዱት ቁጥሩን የምታነብላቸው የልጅ ልጃቸው ነበረች። ጠዋት ከ10 በታች የነበረው፣ ከሰሉ ሳሎን ውስጥ ተቀጣጥሎ ዕጣኑ ሲጨስ 300 አለፈ። ወዲያው ደወሉልኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ቡናዬን ልታስተዪኝ ነው ይሄን የላክሽብኝ?»

«ኧረ በፍጹም እማማ! ከሰሉን በረንዳ ላይ ያድርጉት፤ ጀበናውም እዚያው ይፍላ። ዕጣኑን ቀነስ አድርገው መስኮቱን ይክፈቱት።»

በማግስቱ እንዳልኳቸው አደረጉ፤ ቁጥሩ 60 እንኳ አልደረሰም። አሁን ለጓደኞቻቸው የሚያስረዱት እሳቸው ናቸው፤ ከእኔም ይልቅ እሳቸውን ይሰሟቸዋል።

ለሚዋሰኝ ሰው ሁሉ አጥብቄ የምነግረው ነገር አለ፤ ይህ ዕቃ ጋዝ አይለካም። ጭሱ ያለቀ ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታም ቀለምም የሌለው ገዳይ ጋዝ ነው፤ መለኪያው ግን ዝቅተኛ ቁጥር እያሳየ ሊቀጥል ይችላል። ፍም ከቤት ይውጣ የምለው ስለዚህ ነው። ከመኪና የሚወጣውን ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድም አያየውም። በአስተስርዮ፣ በዮም ኪፑር ዕለት፣ መኪና ሁሉ ሲቆም የናይትሮጅን ኦክሳይዶች መጠን ምን ያህል እንደሚወርድ የሚያሳዩን የመንግሥት ጣቢያዎቹ ናቸው።

ርጥበትም ያሳስተዋል። ብናኙ ውሃ ስቦ ስለሚያብጥ ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ይወጣል። ፐርፕል ኤር የተባለው መለኪያ በብዛት በተሰራጨባት አሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ተመራማሪዎች በ2021 የማረሚያ ቀመር አውጥተውለታል፤ ቀመሩ ንባቡን ወደ ግማሽ አካባቢ አውርዶ የርጥበቱን ያህል ያስተካክላል። የበረሃ አቧራ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሰማዩ ቢጫ ሆኖ ሳለ ሌዘሩ ትልልቁን ብናኝ በደንብ ስለማይቆጥር የሚገባውን ያህል አይናገርም። እንዲህ ባለው ቀን የጣቢያውን ንባብ እንጂ የእኔን ዕቃ አትመኑ እላለሁ።

ይህ ማለት ግን መለካቱን ለጣቢያ ብቻ እንተወው ማለት አይደለም፤ መረጃው አንድ እጅ ላይ ብቻ ሲሆን ምን እንደሚመጣ ከአዲስ አበባ አይተናል። የአሜሪካ ኤምባሲ ከ2016 ጀምሮ የከተማዋን አየር እየለካ ለሕዝብ ያሳይ ነበር፤ በመጋቢት 2025 የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በየአገሩ ካሉት ኤምባሲዎቹ የሚመጣውን መረጃ ማሰራጨት ሲያቆም የአዲስ አበባውም አብሮ ቆመ።

የሰፈራችን የማኅበረሰብ ማዕከል፣ ማትናሱ፣ አምስት ስድስት መለኪያ ገዝቶ ቢያውስ ደስ ይለኛል። ከማዋሱ በፊት እያንዳንዱን ከመንግሥት ጣቢያ አጠገብ ሰቅሎ ንባቡን ያነጻጽር። መመሪያውም ከዕብራይስጡ ጎን በአማርኛ ይጻፍ፤ እናቶቻችን የልጅ ልጅ እስኪመጣ አይጠብቁ። ከእኔ ዕቃ ጋር አንድ ደብተር አብሮ ይዞራል። የተዋሰው ሰው ቁጥሩ ሲወጣ ሰዓቱንና በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ የሚሠራውን ይጽፍበታል፤ ቁጥር ብቻውን ከየት እንደመጣ አይናገርምና። ቀጥሎ የምትወስደው ሴጉላ አጠገብ የምትኖር፣ ልጇ አስም ያለበት እናት ናት። መለኪያውን ልጁ መኝታ ቤት ታስቀምጠዋለች፤ ደብተሩንም በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሐኪሙ ይዛለት ትሄዳለች።