ኔቶ ማለት ምን ማለት ነው?

በዜና «ኔቶ» ሲባል ትሰማላችሁ። ኔቶ የአገሮች የጦር ቃል ኪዳን ነው። ዓመቶቹን የምንነግራችሁ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በ1949 12 አገሮች ተፈራረሙ። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ወዲያ አሜሪካና ካናዳ፣ ከወዲህ 10 የአውሮፓ አገሮች። የፈሩት ሶቪየት ኅብረትን ነበር። በውሉ 5ኛ አንቀጽ መሠረት አንዱ ሲጠቃ ሁሉም እንደተጠቁ ይቆጠራል። ታዲያ ልብ በሉ፤ አንቀጹ የግድ ጦር ላኩ አይልም። እያንዳንዱ አገር ያስፈልጋል ያለውን ያደርጋል።

ሶቪየት ኅብረት በ1991 ፈረሰች። ኔቶ ግን አልፈረሰም፤ እንዲያውም ከሰፈሩ ርቆ ሄደ። 5ኛው አንቀጽ መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው ማን ሲመታ ይመስላችኋል? የሁሉም መከታ የተባለችው አሜሪካ ራሷ በ2001 ስትመታ ነው! በ2003 ኔቶ በአፍጋኒስታን የነበረውን የብዙ አገሮች ጦር መምራት ጀመረ። በ2021 ወታደሮቹ ሲወጡ ታሊባን ካቡልን መልሶ ያዘ። ወደኛም ጎረቤት መጥቶ ነበር፤ ከ2009 እስከ 2016 መርከቦቹ በሶማሊያ አካባቢ የባሕር ወንበዴ ሲያባርሩ ቆይተዋል።

በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን በሰፊው ስትወር ኔቶ ፊቱን ወደ ሰፈሩ መለሰ። ፊንላንድ በ2023፣ ስዊድን በ2024 ገቡና አባላቱ 32 ሆኑ። ዩክሬን ግን አባል አይደለችም። አባል አገሮቹ መሣሪያ ሰጥተዋታል፤ 5ኛው አንቀጽ ግን እሷን አይመለከትም።