ሐዲድ አቃኙ ጠቅጣቂ ማሽን

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዳማ፣ በአዋሽና በድሬዳዋ አልፎ ጅቡቲ የሚገባው የባቡር መስመር በአብዛኛው የተኛው ጠጠር ላይ ነው። ብረቱን የኮንክሪት አግዳሚዎች ይይዙታል፤ ከአግዳሚዎቹ ሥር ደግሞ ከካባ ወጥቶ የተፈጨ ጠንካራ ድንጋይ ተነጥፏል። በዓለም ላይ ባሉ ዋና ዋና መስመሮች የዚህ ንጣፍ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 35 ሴንቲሜትር ነው። ድንጋዩን የሚያያይዝ ሲሚንቶም ሆነ ሬንጅ የለም። ሾል ሾል ያሉት የጠጠሩ ጠርዞች እርስ በርስ ተቆላልፈው ክብደቱን ይሸከማሉ፣ ሐዲዱም ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ይይዛሉ። የወንዝ ድብልብል ጠጠር ለዚህ ሥራ የማይመረጠውም መቆላለፍ ስለማይችል ነው።

ጠጠር ውሃ ያሳልፋል፣ ጭነት ያሰራጫል፣ ሲበላሽም ይጠገናል። በዚያው ልክ ግን ይንቀሳቀሳል። ባቡር ባለፈ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይሰምጣል፤ አሰማመጡም በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። አንዱ አግዳሚ ሥሩ ጎድጉዶ ሲንጠለጠል የሚቀጥለው መንኮራኩር ያንን ቦታ በኃይል ይመታዋል፣ ጉድጓዱም ይብስበታል። ጠቅጣቂው ማሽን የሚጠራው እዚህ ላይ ነው።

ቀድሞ ጠጠሩን ከአግዳሚው ሥር የመጠቅጠቁ ሥራ በዶማ መሰል መሣሪያ በሰው ጉልበት ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1945 በስዊዘርላንድ የተቋቋመው ማቲሳ እና በ1953 በኦስትሪያ የተመሠረተው ፕላሰር ኡንድ ቶይረር ሥራውን ወደ ማሽን ካዞሩት ኩባንያዎች ግንባር ቀደሞቹ ናቸው።

ማሽኑ በራሱ መንኮራኩር ሐዲዱ ላይ ይሄዳል። ሊሠራ ሲቆም መቆንጠጫዎቹ ብረቱን ከሁለቱም ወገን ይይዙና ሐዲዱን ከነአግዳሚው ወደሚፈለገው ከፍታ ያነሡታል፤ ጠመም ያለ ከሆነም ወደ ጎን ይገፉታል። ከዚያ የብረት ጥርሶች ከአግዳሚው ግራና ቀኝ ወደ ጠጠሩ ይወርዳሉ። ጥርሶቹ ዝም ብለው አይወጉም፤ ይንቀጠቀጣሉ። በፕላሰር ማሽኖች የንቅጥቃጤው ልክ በሰከንድ 35 ጊዜ ነው። ጤፍ በቁና ሲሰፈር ቁናው ቢነቀነቅ እህሉ እንደሚጠጋጋ ሁሉ፣ የተንቀጠቀጠ ጠጠርም ለጊዜው እንደ ፈሳሽ ይላላና አዲስ ቦታ ይይዛል። ወዲያው ጥርሶቹ በሃይድሮሊክ ኃይል ወደ አግዳሚው ይጠጋሉ፣ ጠጠሩንም ሥሩ ገፍተው ያስገቡታል። ይህ ጭመቃ የሚፈጀው አንድ ሰከንድ ገደማ ነው። ጥርሱ ተነሥቶ ወደሚቀጥለው አግዳሚ ይታለፋል።

ምን ያህል ይነሣ፣ ምን ያህል ይገፋ የሚለው በዓይን ግምት አይወሰንም። በተለመደው አሠራር ከማሽኑ ፊት እስከ ኋላ የመለኪያ ሽቦ ይወጠራል። የፊቱ ጫፍ ገና ባልተሠራው ሐዲድ ላይ፣ የኋላው ጫፍ በተስተካከለው ላይ ያርፋል፤ መሐሉ ከሽቦው የራቀበት ልክ እየተለካ እርማቱ ይሰላል። እ.ኤ.አ. በ1983 በወጡት የፕላሰር 09 ተከታታይ ማሽኖች ደግሞ ዋናው ማሽን ሳይቆም ይጓዛል፤ በየአግዳሚው የሚቆመውና የሚነሣው ጥርሶቹን የያዘው ክፍል ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ጥቅም ዋጋ አለው። ጥርሱ በገባ ቁጥር ጥቂት ድንጋይ ይሰበራል፤ ብናኙ ክፍተቱን እየደፈነ ውሃ እንዳያልፍ ያደርጋል። ትንሽ ብቻ የተነሣ ሐዲድም ጥቂት ባቡሮች ካለፉበት በኋላ ወደ ቀድሞ ጉድለቱ የመመለስ ዝንባሌ አለው። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሌላ ነው፦ ማሽኑ ተቆላልፎ የነበረውን ጠጠር ፈትቶታልና ሐዲዱ ወደ ጎን እንዳይሸሽ የሚይዘው አቅም ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። መስመሩ ለዓይን ቀጥ ብሎ ባማረበት ሰዓት ደካማ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በሙቀት ጊዜ ይህ ድክመት አደጋ ይሆናል። ማንም ያልያዘው የአንድ ኪሎ ሜትር ብረት በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሞቅ 34 ሴንቲሜትር ገደማ ይረዝማል። እርስ በርስ የተበየደ ሐዲድ ግን መርዘሚያ ቦታ የለውም፤ ሙቀቱ ወደ ግፊት ይለወጣል። ጠጠሩ ከላላ ግፊቱ ሐዲዱን እንደ እባብ ሊያጣምመው ይችላል። እንደ አዋሽና ድሬዳዋ ባለ ቆላ የሚሠራ ባለሙያ ስለዚህ ቀድሞ የሚለካው የብረቱን ሙቀት ነው፤ ከተፈቀደው ካለፈ ጥቅጠቃው ይቆያል። ከሥራው በኋላም የአግዳሚዎቹ ጫፍ በበቂ ጠጠር ይደገፋል፣ ባቡሮችም ለጊዜው በዝግታ እንዲያልፉ ይታዘዛል። ሐዲዱን ከላይ እየተጫነ ወደ ጎን የሚያንቀጠቅጥ አርጊ ማሽን ካለ፣ ጠጠሩ በባቡር ክብደት ቀስ በቀስ የሚያገኘውን እርጋታ አስቀድሞ ይሰጠዋል።

ሐዲዱን ማንሣት ከላይ ያለውንም ይነካል። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር 25 ሺህ ቮልት የተሸከመ ሽቦ አለው። ሐዲዱ ከፍ ባለ ቁጥር ባቡሩ ወደ ሽቦውም ከላይ ወደሚያልፍ ድልድይም ይጠጋል፤ ስለዚህ የማንሻው ልክ ከእነዚህ ጋር ይመሳከራል። የሽቦው ኤሌክትሪክ መቋረጡና ሽቦው ከመሬት ጋር መገናኘቱ ሳይረጋገጥ ማንም ማሽኑ ጣሪያ ላይ አይወጣም። በጠጠሩ ውስጥ የተቀበሩ ኬብሎችና የሲግናል ዕቃዎች ጥርስ እንዳያገኛቸው ቀድመው በቀለም ምልክት ይደረግባቸዋል። ማሽኑ ከመጓዙ በፊት ጥርሱም መቆንጠጫውም ተነሥቶ በቁልፍ ይያዛል፤ ለጥገና የሚጠጋ ሰው ደግሞ ሞተሩ ቢጠፋም በሃይድሮሊክ ቱቦው ውስጥ የቀረውን ግፊት ያስወጣል።

የሐዲድ ሠራተኛን የሚገድለው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ባቡር ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 በዌልስ፣ ማርገም አካባቢ፣ ሁለት ሠራተኞች በባቡር ተገጭተው ሞቱ። በሞተር መሣሪያ ብሎን እየሠሩ ነበር፤ ከጩኸቱ የተነሣ ጆሯቸውን ሸፍነዋል፤ ሥራው ባቡር መጠበቅ ብቻ የሆነ ሰው አጠገባቸው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2016 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ፣ ቼስተር አጠገብ፣ የአምትራክ ባቡር ሐዲድ ላይ የነበረ ቁፋሮ ማሽን መትቶ ሁለት ሠራተኞች ሞተዋል። የፈረቃ ፎርማኖች ሲቀያየሩ ለመስመሩ የተሰጠው ጥበቃ ተነሥቶ ነበር፤ ማሽኑ ግን ሐዲዱ ላይ ነበር።

ጠቅጣቂው ማሽንም በኃይል ይጮኻል፣ ኦፕሬተሩም ዓይኑን ከጥርሶቹ ላይ አያነሣም። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው መስመሩ መዘጋቱን ኃላፊው ከተቆጣጣሪው በግልጽ ቃል ከተቀበለ በኋላ ነው። ጎን ለጎን ሌላ መስመር ካለ እሱም ይዘጋል፣ ወይም ጠባቂ ይቆምበታል። መስመሩ የሚከፈተውም ሐዲዱ ተለክቶ፣ ሰውና ዕቃ ሁሉ ወጥቶ፣ የፍጥነት ገደቡ ለባቡር ነጂዎች ደርሶ፣ የዘጋው ሰው ራሱ ክፍት ነው ሲል ነው።