ክፍሉ የሚያወራለትና ክፍሉ የሚወደው

እ.ኤ.አ. በ1957 በአሜሪካዋ የዊስኮንሲን ግዛት ሁለተኛ ደረጃን ካጠናቀቁ ወጣቶች ከ10 ሺህ የሚበልጡትን አንድ ጥናት እስከ እርጅናቸው ድረስ ሲከታተላቸው ኖሯል። በጊዜ ብዛት ከቀረቡላቸው ጥያቄዎች አንዱ በጣም ተራ ነበር፤ በተማሪነት ዘመናችሁ የቅርብ ጓደኞቻችሁ እነማን ነበሩ? ገብሪዬላ ኮንቲና ሦስት የኢኮኖሚክስ ባልደረቦቿ በ2013 ባሳተሙት ጥናት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መልሱን ገልብጠው አዩት። አንድ ሰው ስንት ጓደኛ ጠራ ሳይሆን፣ የእሱን ስም ስንት የትምህርት ቤት ጓደኛ ጠራው ብለው ቆጠሩ። ብልህነታቸው እዚህ ላይ ነው። የጓደኞቹን ስም ሲዘረዝር ማንም ለራሱ ሊያዳላ ይችላል፤ በሌላው አንደበት መጠራት ግን በራስ እጅ አይደለም። ከዚያም ቁጥሩን ከደመወዝ ጋር አስተያዩት። በግምታቸው መሠረት፣ ተማሪዎቹ በተወዳጅነት ከታች ወደ ላይ ቢደረደሩ ከመቶው 20ኛው ደረጃ ላይ የሚገኘው ልጅ 80ኛው ላይ ቢሆን ኖሮ፣ ወደ 40 ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በኋላ የሚያገኘው ደመወዝ በ10 በመቶ ይበልጥ ነበር።

እዚህ ላይ ብናቆም ነገሩ ያለቀለት ይመስላል፤ በትምህርት ቤት የተወደደ በሕይወቱም ይሳካለታል። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆሴፍ አለን ከባልደረቦቹ ጋር በ2014 ያሳተመው ጥናት ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። ተመራማሪዎቹ 184 ልጆችን ከ13 ዓመታቸው ጀምሮ ለአሥር ዓመት ተከታተሉ። ከልጆቹ አንዳንዶቹ ገና በ13 ዓመታቸው ከዕድሜያቸው ቀድመው አራዳ ለመሆን የሚጥሩ ነበሩ። የፍቅር ግንኙነት ከእኩዮቻቸው ቀድመው ይጀምራሉ፣ ጥቃቅን ጥፋትን እንደ ጀብዱ ይቆጥራሉ፣ ጓደኛ ሲይዙም መልከ መልካሙን ይመርጣሉ። በዚያን ጊዜ ክፍሉ በሙሉ ይፈልጋቸው ነበር። በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜያቸው ሲታዩ ግን በአልኮልና በማሪዋና ሳቢያ የሚገጥማቸው ችግር ከጥናቱ አማካይ ወጣት በ45 በመቶ፣ ወንጀል ነክ ድርጊታቸው ደግሞ በ22 በመቶ በልጦ ተገኘ። ከሰው ጋር ተግባብቶ በመኖር ረገድም እኩዮቻቸው ዝቅ ያለ ግምት ሰጧቸው።

ታዲያ የትኛውን እንመን? እኔ ሁለቱንም አምናለሁ። ጥናቶቹ የሚቃረኑ የሚመስለን በየክፍሉ ጎን ለጎን የሚኖሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስለምናያቸው ነው። አንዱ መወደድ ነው፤ ልጆች አብረውት መቀመጥ፣ አብረውት መሥራት የሚፈልጉት ልጅ አለ። ሌላው ዝና ነው፤ ሁሉም የሚያውቀው፣ ሁሉም የሚያወራለት፣ ምን እንደለበሰና ከማን ጋር እንደተጣላ ሳይቀር የሚነገርለት ልጅ አለ። የመጀመሪያው ለአዋቂነት ስንቅ ሲሆን ሁለተኛው፣ ብቻውን ከሆነ፣ አይሆንም።

ይህን ለያይቶ ለማየት ጊዜ ወስዷል። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ጄከብ ሞሬኖ በ1930ዎቹ የልጆችን ቡድን ለማጥናት የመረጠው መንገድ ልጆቹን ራሳቸውን መጠየቅ ነበር፤ ከማን ጋር መቀመጥ ትፈልጋለህ? በ1982 ጆን ኮይ፣ ኬኔት ዶጅና ሃይዲ ኮፖቴሊ ሁለት ጥያቄ አጣምረው አቀረቡ፤ ከክፍልህ አብልጠህ የምትወደው ማንን ነው? የማትወደውስ? መወደድና መጠላት እንደ ሚዛን ሁለት ክንድ ቢሆኑ ኖሮ፣ ብዙዎች የሚወዱት ልጅ የሚጠላው ሰው ጥቂት በሆነ ነበር። የተገኘው ግን እንዲያ አይደለም። ብዙዎች የሚወዱት፣ ብዙዎች የሚገፉት፣ ማንም ልብ የማይለው፣ መካከለኛ የሆነው ልጅ እንዳለ ሆኖ፣ ግማሹ ክፍል የሚወደው ግማሹ ደግሞ የሚጠላው አምስተኛ ዓይነት ልጅም ብቅ አለ። ስለዚህኛው እኩዮቹ ሲጠየቁ መሪ ነው ይላሉ፤ በዚያው አፋቸው በጥባጭ ነው፣ ተደባዳቢ ነው ይላሉ። ጄኒፈር ፓርክኸርስትና አንድሪያ ሆፕማየር በ1998 አንድ እርምጃ ሄዱ። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን ማንን እንደሚወዱ ብቻ ሳይሆን በክፍሉ ዝነኛው ማን እንደሆነም ለብቻ ጠየቁ። ዝነኛ ከተባሉት አብዛኞቹ ከተወዳጆቹ ተርታ አልነበሩም፤ ከተወዳጆቹም አብዛኞቹ ዝነኛ አልተባሉም። ተወዳጆቹን እኩዮቻቸው ደጎችና የሚታመኑ አሏቸው። ዝነኛ ሆነው ያልተወደዱት ደግሞ ጉረኛና በሌላው ላይ የሚሠለጥኑ ተባሉ።

ልጆች ትንንሽ ሳሉ ሁለቱ ነገሮች ተቀራርበው ይሄዳሉ፤ የሚለያዩት በጉርምስና ነው። አንቶኒየስ ሲለሰንና ላራ ሜዩ ልጆችን ከ5ኛ እስከ 9ኛ ክፍል ተከታትለው በ2004 እንዳሳተሙት፣ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ማግለል፣ ማኩረፍና ሐሜት የሚያበዛ ልጅ ዝናው እየጨመረ፣ የሚወደው ሰው ግን እየቀነሰ ይሄዳል። ለምን በዚህ ዕድሜ? አንዱ ምክንያት በአንጎል ዕድገት ውስጥ ይገኛል። ጄሰን ቼይን፣ ሎረንስ ስታይንበርግና ባልደረቦቻቸው በፊላዴልፊያው ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ በ2011 ያሳተሙት ሙከራ ይህን በቅርብ ያሳያል። ተሳታፊው በአንጎል ምርመራ መሣሪያ ውስጥ ተኝቶ በስክሪን ላይ መኪና ይነዳል፤ መብራቱ ቢጫ ሲሆን ይቁም ወይስ ይለፍ የሚለውን እሱ ይወስናል። አንድ ጊዜ ብቻውን፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ጓደኞቹ ከሚቀጥለው ክፍል እያዩት። አዋቂዎቹ ቢታዩም ባይታዩም ያው ናቸው። ጎረምሶቹ ግን ጓደኛ እንደሚያያቸው ባወቁ ጊዜ ይበልጥ ይደፍራሉ፤ በአንጎላቸው ውስጥ ከሽልማትና ከደስታ ጋር የተያያዙት ክፍሎችም ይበልጥ ይነቃሉ። ጓደኞቹ አልገፋፉትም፤ ከጎኑም አልነበሩም። መታየት በራሱ በቂ ነበር።

እንግዲህ የ13 ዓመቱ አራዳ የሚያደርገው ነገር ለጊዜው ያዋጣል፤ እኩዮቹ ሊሞክሩት የፈሩትን ሞክሮ ትልቅ ሰው መስሎ ይታያል። ችግሩ እኩዮቹም ማደጋቸው ነው። በ13 ዓመት ደፋር ያሰኘው ነገር በ16 ዓመት ማንንም አያስገርምም፤ ቦታውን ላለመልቀቅ ደግሞ ከፍ ያለ ጥፋት ያስፈልገዋል። በአለን ጥናት የእነዚህ ልጆች ተፈላጊነት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠፍቷል። እኔ ግን ከጥፋቱ ይልቅ የሚከብደው የባከነው ጊዜ ይመስለኛል። የጉርምስና መጀመሪያ ሰው ምስጢር መጠበቅን፣ ተጣልቶ መታረቅን፣ ጓደኛ ሲሳሳት መንገርን፣ ራሱ ሲሳሳት ይቅርታ መጠየቅን የሚለማመድበት ጊዜ ነው። ይህ ሁሉ ዝግ ያለ፣ ተመልካች የሌለው ሥራ ነው፤ ዝናም አያመጣም። መታየትን የመረጠው ልጅ እኩዮቹ ይህን ሲማሩ እሱ አልነበረም። የአለን ቡድን ተሳታፊዎቹን በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜያቸው ያገኛቸው ጊዜ የፍቅር ግንኙነታቸው ለምን እንደፈረሰ ጠይቋቸው ነበር። የድሮዎቹ አራዶች ከሌሎቹ ይልቅ አዘውትረው የሰጡት ምክንያት፣ የተለያቸው ሰው በቂ ዝና የላቸውም ብሎ ስላሰበ ነው የሚል ነው። ሌላው ሰው አልተግባባንም ወይም ተራራቅን በሚልበት ቦታ፣ እነሱ ገና የ8ኛ ክፍሉን መመዘኛ ይዘው ነበር።

ሬቸል ናር ከአለን ጋር በ2017 ያወጣችው ጥናት ይህን ሐሳብ በሌላ በኩል ይፈትነዋል። 169 ወጣቶች በ15 እና በ16 ዓመታቸው ከቅርብ ጓደኛቸው ጋር ያላቸው ግንኙነት ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ፣ ለብቻው ደግሞ በእኩዮቻቸው ዘንድ በጥቅሉ ምን ያህል ተፈላጊ እንደሆኑ ተለካ። በ25 ዓመታቸው ሲታዩ፣ ጥልቅ ወዳጅነት የነበራቸው ሰው ፊት የመቅረብ ጭንቀታቸው ቀንሶ፣ ለራሳቸው የሚሰጡት ዋጋ ከፍ ብሎ፣ የድብርት ምልክታቸው አንሶ ተገኙ። በብዙዎች ዘንድ ተፈላጊ የነበሩት ግን በ25 ዓመታቸው ጭንቀታቸው ከፍ ያለ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ነው።

በዚህ ቦታ ብዙ አንባቢ በሆዱ የሚደሰት ይመስለኛል፤ ቀለሜውና ፋራ የተባለው ልጅ በመጨረሻ አሸነፈ ብሎ። ፊልሞችም ይህን ታሪክ ይወዱታል። መረጃው ግን እንዲህ ያለ መጽናኛ አይሰጥም። በ1953 የተወለዱ የስቶክሆልም ልጆች 6ኛ ክፍል ሳሉ በትምህርት ቤት ከማን ጋር መሥራት እንደሚመርጡ ተጠይቀው ነበር፤ ከሁለት አሥርት በላይ የሚሸፍን የሆስፒታል መዝገባቸውም በኋላ ከዚያ ጋር ተያይዞ ታየ። ማንም ያልመረጣቸው ልጆች አድገው በአእምሮ ሕመም፣ በመጠጥና በዕፅ ችግር፣ በልብ በሽታም ጭምር ሆስፒታል የመተኛት አጋጣሚያቸው በብዙዎች ከተመረጡት ይበልጥ ነበር። ጥያቄው ማን ዝነኛ ነው የሚል ሳይሆን ከማን ጋር መሥራት ትፈልጋለህ የሚል እንደነበር ልብ ይሏል። ብዙ ሰው ባያውቀውም ሁለት ልባም ጓደኛ ያለው ልጅ ደኅና ነው፤ የተገፋው ልጅ ግን መገፋቱ ብቻውን ጀግና አያደርገውም።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ ጠንካራ ነው፤ ምናልባት ተወዳጁ ልጅ የተወደደው ከደላው ቤት ስለተወለደ ወይም አእምሮው ብሩህ ስለሆነ ይሆናል፣ ደመወዙም በዚያው ምክንያት ነው የሚል። የዊስኮንሲኑ መረጃ የተማሪዎቹን የአእምሮ ፈተና ውጤትና የቤተሰባቸውን ሁኔታ ስለያዘ ተመራማሪዎቹ እነዚህን ከግምት አስገብተዋል፤ ልዩነቱ ግን አልጠፋም። አስተዳደጉ ለተወዳጅነት አስተዋጽኦ እንዳለው ያገኙትም እነሱው ናቸው፤ ይህ ደግሞ ክርክሬን አያፈርሰውም፤ ሰውን መቅረብ ልጅ ከቤቱ ይዞት የሚመጣ ነገር መሆኑን ብቻ ነው የሚነግረን። በአለን ጥናት ላይም ተመሳሳይ ጥርጣሬ ይነሳል፤ እነዚህ ልጆች ድሮውንም መጠጥ ቀማሾች ነበሩ ይባላል። ሆኖም በ13 ዓመት ከዕድሜ ቀድሞ አራዳ መሆን የኋላውን የመጠጥና የዕፅ ችግር ያመላከተው በዚያ ዕድሜ ከነበረው መጠጣትና ዕፅ መቅመስ ይልቅ ነው። ይህም ሆኖ ማንም ሰው ልጆችን በዕጣ ዝነኛና ተራ አድርጎ መመደብ ስለማይችል፣ መንስኤና ውጤት በዚህ መስክ ሙሉ በሙሉ አይነጠሉም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ቁጥሩን ይመለከታል። 184 ልጅ ብዙ አይደለም፤ ከአንድ አካባቢ የተገኙም ናቸው። 45 በመቶ መባሉንም በጥንቃቄ ማንበብ ያሻል። ከመቶ አራዳ 45ቱ ሰካራም ሆኑ ማለት አይደለም፤ ችግራቸው ከአማካዩ ያን ያህል በለጠ ማለት ነው። ብዙዎቹ ደኅና ኑሮ ይኖራሉ። ዝናንና መወደድን በአንድ ላይ የያዙ ልጆችም አሉ፤ ኳስ ተጫዋች ሆኖ የተሸነፈውን የሚያጽናና፣ ክፍል አለቃ ሆኖ የማያዋርድ ልጅ ለምን በኋላ ይቸገራል? እኔ የምለው ዝና ይጎዳል አይደለም። በሌላው ኪሳራ የተገኘና ወዳጅነትን የተካ ዝና ሲሆን ብቻ ነው መዘዝ የሚያመጣው። ዛሬ በቲክቶክ ላይ የተከታይና የላይክ ቁጥር በየሰዓቱ ሲቆጠርም የሚለካው ይኸኛው ወገን ብቻ ነው፤ ምስጢር ያመነህ ሰው ብዛት በስልክ ላይ አይታይም። የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲው ሚች ፕሪንስታይን በ2017 ስለዚሁ ጉዳይ ባሳተመው መጽሐፍ፣ አዋቂዎችም ሳይቀሩ የጎረምሳውን ዓይነት ዝና እያሳደዱ መሆናቸውን የሚወቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም።

የቀረው ተቃውሞ ይህ ሁሉ የምዕራባውያን ነገር ነው የሚለው ነው፤ የዊስኮንሲኑ ተሳታፊዎች ከሞላ ጎደል ነጮች ናቸውና። እዚህ ላይ ሺንዪን ቼንና ባልደረቦቹ በሻንጋይ ያደረጉት ጥናት ይረዳናል። በ1990፣ በ1998 እና በ2002 የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን በተመሳሳይ መንገድ አጠኑ። በ1990 ዓይን አፋርና ጭምት የሆነው ልጅ በእኩዮቹ ዘንድ ተቀባይነት ያለው፣ ለመሪነት የሚታጭ፣ በትምህርቱም የተሳካለት ነበር። በ2002 ያው ዓይነት ልጅ የሚገፋና የድብርት ምልክት የሚታይበት ሆኖ ተገኘ። በመካከሉ ከተማዋ ወደ ገበያ ኢኮኖሚ እየገሰገሰች፣ ራስን ማስተዋወቅና መድፈር ዋጋ እያገኘ ነበር። ስለዚህ ምን ዓይነት ልጅ ይወደዳል የሚለው እንደ አገሩና እንደ ዘመኑ ይለያያል። በሁለቱም ዓመታት ግን በእኩዮቹ የተወደደው ልጅ ደኅና ነበር፤ የተገፋውም ተጎድቷል። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ የሻንጋይ ልጆች ተፈጥሮ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አዋቂዎቹ የሚያደንቁት ነገር ነበር፣ ክፍሉም ያንን ተከተለ።